የወርቅ ሽቦዬ ሳልነካው አጠረ፣ የገጽ ተፅዕኖ ነው ወይስ የኔ ስህተት?

የኮምቦልቻዋ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሜካኒካል የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ሥራዬ በጣም ቀጭን የወርቅ ሽቦ ሲጎተት ምን እንደሚሆን በሲሙሌሽን ማየት ነው። ቀጭን ስል የእውነት ቀጭን ነው። ወርዱ 4 ናኖሜትር ገደማ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን አተም ለብቻው የሚከታተለው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ገና ሳልጎትተው፣ ምንም ጭነት ሳላደርግበት፣ ይረጋጋ ብዬ ስተወው ሽቦው በራሱ አጠረ። ከቁመቱ 3 ከመቶ አለፍ ያለው ጠፋ። መጀመሪያ ፋይሉ ላይ የተሳሳትኩ መሰለኝና ከዜሮ ጻፍኩት። አሁንም አጠረ። ሦስተኛውን ሙከራ መብራት ሄዶብኝ የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ቀረ፣ በማግሥቱ ደገምኩት፣ ያው አጠረ። ማንም ያልነካው ብረት እንዴት ያጥራል?

ሁለተኛው ይብሳል። ሽቦውን ጎትቼ ያንግ ሞዱለሱን፣ መለጠጥን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሳሰላ መጽሐፍ ላይ ካለው የወርቅ ቁጥር፣ ከ79 ጊጋፓስካል ማለት ነው፣ ግማሹ አካባቢ መጣልኝ። በቃ ሲቀጥን ይለሰልሳል ብዬ ልጽፍ ስል ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2004 ጥናት አገኘሁ። የብርና የእርሳስ ናኖ ሽቦዎችን በመሣሪያ ለክተው፣ ሲቀጥኑ ሞዱለሳቸው ይጨምራል ይላል። የኔው ይለሰልሳል፣ የነሱ ይጠነክራል። ማንን ልመን?

ሁሉም ቦታ «የገጽ ተፅዕኖ» የሚል ቃል አያለሁ። ግን ገጽ ማለት የነገሩ ዳር ብቻ አይደለም እንዴ? ዳሩ እንዴት አድርጎ መሐሉን ያዝዘዋል? በደንብ የገባችሁ ካላችሁ ከሥሩ ጀምራችሁ አስረዱኝ፣ አማካሪዬ ጋ ሐሙስ ነው የምገባው።

—

ከጦሳ ሥር፦

አብሽሪ እህቴ፣ ሽቦሽ ማጠር ነበረበት። ባያጥር ኖሮ ነው ፋይልሽን መጠራጠር የነበረብሽ።

ከድፎ ዳቦ እንጀምር። ትልቅ ድፎ ሲቆረስ ቅርፊቱ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ልቡ ነው። ከዚያው ሊጥ ቆንጥረሽ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ብትጋግሪ ግን ሁለመናው ቅርፊት ይሆናል፣ ስትነክሺው የምትቀምሽውም ቅርፊቱን ነው። ሊጡ ያው ነው፣ እሳቱም ያው። የተለወጠው የቅርፊቱ ድርሻ ነው።

አሁን በአተም እንቁጠረው። በእያንዳንዱ ጎን 1000 አተም የተደረደረበት ኩብ ብትወስጂ ገጹ ላይ ያሉት ከጠቅላላው 0.6 ከመቶ ናቸው። በጎን 100 ሲሆን ወደ 6 ከመቶ ይወጣል። በጎን 10 ሲሆን ደግሞ ከ1000ው አተም ውስጥ 512ቱ መሐል ናቸው፣ 488ቱ ገጽ ላይ። ግማሽ በግማሽ! እዚህ ደረጃ ላይ ገጽን ዳር ብሎ መጥራት ራሱ ያስቸግራል፣ የነገሩ ግማሽ አካል ነው።

ይህ ግማሽ ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ወርቅ ውስጥ መሐል ያለ አተም 12 የቅርብ ጎረቤት አለው። አንድ ዜሮ ዜሮ በሚባለው፣ ከአተሞቹ ኩብ ፊት ጋር ትይዩ በሆነው ገጽ ላይ ያለው ግን 8 ብቻ ነው ያለው። አራት ጎረቤት የጎደለበት አተም የቀሩትን ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ወደ እነሱም መጠጋት ይፈልጋል። የገጹ አተሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲፈልጉ ላይኛው ንብርብር እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ሥሩ ያለው መሐል ግን መጠጋቱን አይፈልግም፣ ያለበት ርቀት ተስማምቶታል። እንግዲህ ቆዳው ይስባል፣ መሐሉ ይገፋል፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሽቦው ያጥራል። የቆምሽው እዚያ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። የወርቅን የገጽ ስትረስ፣ የቆዳውን ውጥረት ማለት ነው፣ ወደ 1.5 ኒውተን በሜትር ብንይዝ፣ ወርዱ 4 ናኖሜትር በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ሽቦ ላይ መሐሉ የሚታመቅበት ስትረስ፣ ማለትም ኃይል ለስፋት ሲካፈል፣ 4 (የጎኖቹ ብዛት) ሲባዛ 1.5 ሲካፈል ለ4 ናኖሜትር ነው። 1.5 ጊጋፓስካል! ማንም ሳይነካው። ያንኑ ሒሳብ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ሽቦ ብትሠሪው 12 ኪሎፓስካል ብቻ ይመጣል፣ ማንም የማይለካው ነገር ነው። ገጹ በሁለቱም ላይ ያው ገጽ ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው የሚካፈልበት ውፍረት ነው።

አንድ ማረጋገጫ ልስጥሽ። የእያንዳንዱን አተም ስትረስ አውጪና ከዳር ወደ መሐል በመስመር አስቀምጪው። ዳሮቹ ተወጥረው፣ መሐሉ ታምቆ፣ ድምሩ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ ሥራሽ ንጹህ ነው። ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ግን ሲሙሌሽኑ ሲረጋጋ ሳጥኑን በቁመት ቆልፈሽዋል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ መጎተት የጀመርሽው ቀድሞ የተወጠረ ሽቦ ነው።

ደግሞ ጽሑፍሽ ላይ የገጽ ኢነርጂን ከገጽ ስትረስ ጋር እንዳታቀላቅያቸው። ውሃ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ምክንያቱም የውሃን ገጽ ስትለጥጪው ከውስጥ አዳዲስ ሞለኪውሎች ወጥተው ክፍተቱን ይሞሉታል። ጠጣር ነገር ላይ ግን አዲስ የሚመጣ የለም፣ ያሉት አተሞች ራሳቸው ይራራቃሉ። ስለዚህ አዲስ ገጽ ለመፍጠር የሚከፈለውና ያለውን ገጽ ለመለጠጥ የሚከፈለው ይለያያል። ጊብስ ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን የለያቸው፣ ሸትልዎርዝ ደግሞ በ1950 የሚያገናኛቸውን ቀመር ጻፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፣ እኔም ወድቄ አይቻለሁ።

—

የአንጥረኛው ልጅ፦

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ ግን ወርቅ የሚለውን ሳይ ማለፍ አልቻልኩም። አባቴ ደሴ ላይ ወርቅና ብር ይሠራ ነበር። ሽቦ ሲያወጣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት። ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያሉት የብረት ሰሌዳ አለ። የወርቁን ጫፍ ያሾለዋል፣ በትልቁ ቀዳዳ ያሳልፈዋል፣ በጉጠት ይዞ ወደ ኋላው እየተደገፈ ይጎትታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሦስት አራት ቀዳዳ ካለፈ በኋላ ሽቦው ይደርቃል። ድምፁ ራሱ ይለወጣል፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ የሚያልፈው በኋላ ይንጫጫል። ያኔ አባቴ ያቆምና እሳት ያሳየዋል፣ ቀላ ሲል ያወጣዋል፣ ቀዝቅዞ ሲነካ እንደገና ለስልሷል። ይህን ሳያደርግ ከቀጠለ ይበጠሳል፣ አንዴ ተበጥሶበት የደንበኛ ወርቅ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሳይናገር መዋሉን አልረሳውም።

ጥያቄዬ፣ ሽቦ ሲቀጥን ይጠነክራል የምትሉት ይሄው ነው? አባቴ ያወቀው ነገር ነው እንጂ አዲስ አይመስለኝም።

—

ሐረጎ በጭጋግ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔ የምሠራው እዚሁ ላይ ነውና። መልሱ ግን አይደለም ነው። እንዲያውም ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል።

ብረት ሲጎብጥ ወይም ሲለጠጥ አተሞቹ ሁሉ በአንድ ላይ አይንሸራተቱም። ሰፊ ጋቢ መሬት ላይ ተዘርግቶ ትንሽ ፈቀቅ ልታደርገው ብትፈልግ ሙሉውን መጎተት ይከብዳል። አንድ እጥፋት ከዚህኛው ጫፍ አንስተህ እስከዚያኛው ብትገፋው ግን ጋቢው በቀላሉ ፈቀቅ ይላል። ክሪስታል፣ አተሞች በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር፣ ውስጥ እንዲህ ያለው እጥፋት ዲስሎኬሽን ይባላል። የአባትህ ሽቦ በየቀዳዳው ባለፈ ቁጥር ዲስሎኬሽኖቹ እየተባዙ ይሄዳሉ። ሲበዙ ይጠላለፋሉ፣ የሰኞ ገበያ ቀን መንገድ ላይ እንደሚሆነው፣ ማንም ማንንም ማሳለፍ ያቅተዋል። ሽቦው የደረቀው ለዚህ ነው። እሳቱ ደግሞ ጥልፍልፉን ያጠፋዋል፣ አተሞቹ ንጹህ ሆነው እንደ አዲስ ይደረደራሉ።

ናኖ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ገጹ ዲስሎኬሽንን ይስባል፣ ገጽ አጠገብ የደረሰ ዲስሎኬሽን ሾልኮ ይወጣል፣ ገጹ ላይ አንድ የአተም ደረጃ ብቻ ትቶ። ነገሩ ቀጭን ከሆነ ሁሉም ለገጽ ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ሳይባዙም ሳይጠላለፉም ወጥተው ያልቃሉ። ውስጡ ባዶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሽቦው እንዲለጠጥ ከተፈለገ አዲስ ዲስሎኬሽን ከምንም መፈጠር አለበት፣ ያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሽቦው ጠርዝ፣ ጎረቤት በጣም ከጎደለበት ቦታ ነው የሚነሳው፣ ትልቅ ጉልበትም ይጠይቃል። የአባትህ ወርቅ የጠነከረው መንገዱ ስለተጨናነቀ ነው፣ የናኖው መንገደኛ ስለጠፋ። በ2004 እና በ2005 ከኒኬልና ከወርቅ ትንንሽ ዓምዶችን በአዮን ጨረር ቀርጸው ሲጫኗቸው፣ ዓምዱ በቀጠነ ቁጥር ለመጨፍለቅ የሚያስፈልገው ስትረስ ሲጨምር ያዩት ይህንኑ ነው፣ መጠኑ ሲያንስ ጥንካሬ ይጨምራል የሚለውም ነገር ከዚያ ወዲህ ነው ጎልቶ የወጣው።

ሦስተኛም መንገድ አለ፣ እሱ መስታወት ላይ ነው። ግሪፊት የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1921 ባወጣው ሥራ ወፍራሙ መስታወት በ170 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሰበር 3 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነው ክር ግን ወደ 3.4 ጊጋፓስካል እንደቻለ አሳየ። 20 እጥፍ። ምክንያቱ ስንጥቅ ነው፣ ቀጭን ክር ላይ ትልቅ ስንጥቅ ሊኖር አይችልም፣ ቦታ የለውማ።

እንግዲህ ሦስት ነገር «ሲቀጥን ይጠነክራል» በሚል አንድ ስም ይጠራል። እህታችን የምትጠይቀው ደግሞ ከሦስቱም ውጭ ነው፣ እሷ የምትለው ስለ ግትርነት ነው፣ ሽቦው ሳይበላሽ ለመለጠጥ ምን ያህል እንደሚቃወም። ሰዎች ጥንካሬንና ግትርነትን በአንድ ቃል እየጠሩ ስንቱን ጥናት እንዳምታቱት ሳስብ ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ላብቃ። እሳት ሲበዛ የወርቁ ቅንጣቶች፣ ብረቱ የተገነባባቸው ትንንሽ ክሪስታሎች፣ ያድጋሉ፣ ቅንጣት ሲያድግ ብረቱ ይለሰልሳል። ሆል በ1951፣ ፔች በ1953 ይህን በቀመር አስቀምጠውታል፣ ቅንጣት ባነሰ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል የሚል። ግን ቅንጣቱ ወደ 10 ወይም 20 ናኖሜትር ሲወርድ ቀመሩ ይገለበጣል፣ ከዚያ በታች ሲያንስ እንዲያውም ይለሰልሳል። ቅንጣቶቹ ራሳቸው በመካከላቸው ባለው ወሰን ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ። እዚያም ቅርፊቱ ልቡን ዋጠው ማለት ነው፣ ከጦሳ ሥር እንዳለው።

—

የኮምቦልቻዋ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት የአተሞቹን ስትረስ አወጣሁት። ዳር ያሉት ሁለት ረድፎች ተወጥረዋል፣ መሐሉ በሙሉ ታምቋል፣ ድምሩ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። በቀለም ሳስቀምጠው ልክ ዳቦ ነው የሚመስለው፣ ቀይ ቅርፊት፣ ሰማያዊ ልብ። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት።

ሞዱለሱ ግን አሁንም ግማሽ ነው። ሽቦውን የሠራሁት ጎኖቹ በሙሉ አንድ ዜሮ ዜሮ ገጽ እንዲሆኑ፣ ቁመቱም በዚያው አቅጣጫ፣ 10 የክሪስታል ሳጥን (የአተሞቹ ድርድር የሚደጋገምበት ትንሿ ኩብ) በወርዱ። መታመቁ ነው ያለሰለሰው ልበል?

—

ባቲ ቅኝት፦

እህቴ፣ ከመጻፍሽ በፊት ቆም በይ። 79 ከየት አመጣሽው? መጽሐፉ ላይ ያለው 79 እጅግ ብዙ ቅንጣቶች በየአቅጣጫው ተዘበራርቀው የያዙት ተራ ወርቅ ነው። ያንቺ ሽቦ ግን አንድ ክሪስታል ነው፣ አቅጣጫም አለው። ወርቅ ደግሞ በአቅጣጫ በጣም ይለያያል፣ በኩቡ ጠርዝ በኩል ስትጎትቺው 43 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፣ በኩቡ ሰያፍ በኩል፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ ወደ 117 ይወጣል። አንቺ የጎተትሽው በጠርዙ በኩል ነው። ስለዚህ ከ79 ወደ ግማሽ የወረደው ገና ናኖ ሳይሆን በፊት ነው! ያንን ለገጹ ብትሰጪው ያልሠራውን ነው የምታሸክሚው። ማጠሩም ከዚህ ጋር ይገጥማል፣ 1.5 ለ43 ብታካፍይው 3.5 ከመቶ ነው፣ ያየሽው ያንን ነው።

ማድረግ ያለብሽ ይህን ነው፦ በዚያው የአተም ፖቴንሺያል፣ አተሞቹ እንዴት እንደሚሳሳቡ ለኮምፒውተሩ በሚነግረው ቀመር ማለቴ ነው፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ገጽ የሌለው ኩብ ሥሪ፣ በሦስቱም አቅጣጫ የሚደጋገም። የሱን ሞዱለስ አውጪ። ማወዳደሪያሽ እሱ ነው፣ መጽሐፉ አይደለም። ፖቴንሺያሎቹ ራሳቸው ከልኬት ትንሽ ይርቃሉና።

ቀጥሎ ማንም የማይነግርሽ ነገር። ስትረስ ለማስላት ኃይሉን ለስፋት ታካፍያለሽ። የሽቦሽ ስፋት ስንት ነው? 10 ሳጥን ሲባዛ 0.408 ናኖሜትር፣ ማለትም ከዳር አተም መሐል እስከ ዳር አተም መሐል 4.08 ናኖሜትር። ግን የዳሩ አተም ግማሽ አካሉ ከዚያ መስመር ውጭ ነው። በየጎኑ የአንድ ንብርብር ግማሽ ብትጨምሪ ወርዱ 4.28 ይሆናል፣ ስፋቱ በ10 ከመቶ ያድጋል፣ ሞዱለሱ ደግሞ በዚያው ልክ ይወርዳል። የገጹ እውነተኛ ተፅዕኖ በዚህ ውፍረት ላይ ራሱ በዚህ መጠን አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠነከረ፣ ሌላው ለሰለሰ ብለው ሲከራከሩ አንዳንዴ የተለያዩት በማስመሪያቸው ነው። የቱን እንደመረጥሽ በግልጽ ጻፊ፣ ቢቻል ሁለቱንም አሳዪ።

አሁን ወደ ብርና እርሳሱ ልምጣ። እነዚያ ሽቦዎች የተለኩት ተጎትተው አይደለም። ጉድጓድ ላይ እንደ ድልድይ ተጋድመው፣ ሁለቱም ጫፋቸው ተይዞ፣ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ፣ በጣም ሹል ጫፍ ባለው መዳሰሻ፣ እየተነኩ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። ክራር ላይ ክሩን ስታላላው በጣት ሲነካ እንደፈለግሽ ይታጠፋል፣ ስታከርሪው ያው ክር ይቃወምሻል። ክሩ ግን ያው ክር ነው፣ የተሠራበት ነገር አልተለወጠም፣ መወጠሩ ነው። ሁለት ጫፉ የተያዘ ናኖ ሽቦም ማጠር ቢፈልግ መንገድ የለውም፣ የገጹ ውጥረት እንደ ከረረ ክር ይቀርበታል። ከላይ ስትጫኚው ግትር ሆኖ ይገኛል፣ ያንን ወደ ሞዱለስ ከቀየርሽው ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ሽቦ፣ ወይም እንዳንቺው አጥሮ ተረጋግቶ ከዚያ የተጎተተ፣ ይህ ነገር የለበትም። ስለዚህ ማንን ልመን ላልሽው፣ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የለካችሁት አንድ ነገር አይደለም።

ከውጥረቱ ሌላ የገጹ የራሱ ግትርነት አለ። ጉርቲንና መርዶክ በ1975 ገጽን እንደ ስስ ሽፋን ቆጥረው ቀመር ሠሩለት፣ ሚለርና ሸኖይ በ2000 ለናኖ ዘንጎችና ሳህኖች አቀለሉት። ክብ ሽቦ ሲጎተት የገጹ ድርሻ 4 ሲባዛ የገጹ ግትርነት ሲካፈል ለውፍረቱ ነው። ሲጎብጥ ግን 8 ይሆናል፣ ምክንያቱም ሲጎብጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ዳሩ ነው። የገጹን ግትርነት ለመሐሉ ሞዱለስ ብታካፍይው ከአንድ አተም ውፍረት የማይበልጥ ርዝመት ይሰጥሻል፣ 0.1 ናኖሜትር ገደማ። ስለዚህ 30 ናኖሜትር ሽቦ ሲጎብጥ ከዚህ የሚመጣው ለውጥ 3 ከመቶ ቢሆን ነው። በዚያ ውፍረት ሞዱለሱ እጥፍ ሆነ የሚል ካየሽ ሌላ ነገር ፈልጊ፣ ውጥረት፣ ኦክሳይድ (አየር ሲነካው ገጹ ላይ የሚበቅል ሽፋን)፣ አያያዝ።

የገጽ ግትርነት ደግሞ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ሊሆን ይችላል። በ2004 የመዳብ ስስ ሳህን ላይ በሲሙሌሽን እንዳዩት፣ ያው ገጽ፣ የሚጎተትበት አቅጣጫ ሲቀየር አንዴ ከመሐሉ ይለሰልሳል አንዴ ይጠነክራል። ጎረቤት መጉደሉ ያለሰልሳል፣ የቀሩት ቦንዶች መጠንከራቸው ያጠነክራል፣ የሚያሸንፈው እንደ አቅጣጫው ነው። ስለዚህ ሽቦሽን በሌላ አቅጣጫም ሠርተሽ ጎትቺው፣ ሥራሽ ያኔ ነው የሚያምረው።

—

ብየዳ ቤት፦

እኔ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ነው ያለኝ፣ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ልጆች፣ የምትሉትን በከፊል ነው የተከታተልኩት፣ ግን ከልቤ ልጠይቅ። የሰው ዓይን የማያየው ሽቦ ቢያጥር ቢረዝም ለእኛ ምን ያመጣል? ሌላው፣ አንዳንድ ቀለም የተቀባ ወይም በሌላ ብረት የተለበጠ ቆርቆሮ ብዙ ሳይቆይ ልባሱ ሲቀረፍ አያለሁ፣ ስስ ከሆነ ራሱ ይጠቀለላል። ይሄ ከምትሉት ጋር ይገናኛል?

—

ሐረጎ በጭጋግ፦

ጋሼ፣ በደንብ ይገናኛል፣ ሁለተኛውን ልጀምር። ስቶኒ የሚባል ሰው በ1909 የብረት ማስመሪያ በአንድ ጎኑ ብቻ በኤሌክትሪክ ኒኬል ለበጠው። ማስመሪያው ጎበጠ። ልባሱ ሲያርፍ ተወጥሮ ነው የሚያርፈው፣ ውጥረቱ ሥሩ ያለውን ብረት ይስበዋል። ስቶኒ ከጉብጠቱ ተነስቶ የልባሱን ውጥረት የሚያሰላ ቀመር ጻፈ፣ እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። እርስዎ ያዩት መጠቅለል ያው ነው፣ ልባሱ ሥሩን ሲለቅ ውስጡ የነበረው ውጥረት ነው የሚጠቀልለው። የናኖ ሽቦ ገጽና የእርስዎ ልባስ አንድ ነገር አይደሉም፣ ልባሱ ሌላ ቁስ ነው፣ በጣምም ወፍራም ነው፣ ግን ቆዳው ተወጥሮ ሥጋውን ይስባል የሚለው ሐሳብ ያው ነው።

ምን ይጠቅማል ላሉት፣ ያንኑ የስቶኒን ቀመር ገልብጠው ከሲሊከን የተሠራች ቀጭን ምላስ ላይ ይጠቀሙበታል። ምላሷን በአንድ ጎኗ አንድ የተወሰነ ሞለኪውል ብቻ እንዲይዝ አድርገው ይቀቧታል። ያ ሞለኪውል መጥቶ ሲለጠፍባት የገጿ ስትረስ ይቀየራል፣ ትጎብጣለች፣ ጉብጠቷን በብርሃን ጨረር ይለካሉ። ደም ወይም ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በዚህ መንገድ መለየት ይቻላል። የሚታጠፍ ስክሪን ለመሥራት የሚሞከሩት የብር ናኖ ሽቦዎችም አሉ፣ ሺህ ጊዜ ሲታጠፉ ይበጠሱ እንደሆን የሚወስነው እዚህ የምናወራው ነገር ነው። ከእርስዎ ሱቅ የራቀ ይመስላል፣ ግን ስልክዎ ስክሪን ውስጥ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ራሱ የናኖሜትር ነገር ነው።

ለእህታችን ደግሞ አንድ ማስታወሻ፣ ኦክሳይድን ባቲ ቅኝት በአንድ ቃል አልፎታል። ወርቅ ስለመረጥሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ወርቅ አይዝግም። ሲሊከን ቢሆን ኖሮ አየር ሲነካው 1 ወይም 2 ናኖሜትር ኦክሳይድ ያበቅላል፣ ኦክሳይዱ ሞዱለሱ 70 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፣ ሲሊከኑ ግን እንደ አቅጣጫው ከ130 እስከ 188። 10 ናኖሜትር ሽቦ ላይ በየጎኑ 2 ናኖሜትር ኦክሳይድ ካለ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ ሌላ ቁስ ሆነ ማለት ነው። ሲሙሌሽን ንጹህ ገጽ ያያል፣ ላቦራቶሪ የቆሸሸውን ይለካል፣ ከዚያ ለምን አልተስማማንም ይባባላሉ።

—

ብየዳ ቤት፦

ተባረኪ ልጄ። ማስመሪያው ገብቶኛል። ነገ ቆርቆሮ ቆርጬ ልባሱን በምላጭ አንስቼ አየዋለሁ፣ ወደየት እንደሚጠቀለል።

—

የኮምቦልቻዋ፦

ሐሙስ ገብቼ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ረቡዕ ሌሊት መብራት አልጠፋም፣ ሁሉንም አሮጥኩት።

ገጽ የሌለው ኩብ በዚያው ፖቴንሺያል፣ በዚያው አቅጣጫ 40ዎቹ ውስጥ ነው የወጣው። ማለትም የኔ ሽቦ ግማሽ አልሆነም፣ ኩቡ አጠገብ ነው ያለው። ስፋቱን በሁለቱም መንገድ አሰላሁት። በአንዱ ሽቦው ከኩቡ ትንሽ ይጠነክራል፣ በሌላው ትንሽ ይለሰልሳል። እዚያው ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ፣ አንዱን ብቻ ይዤ ብሄድ ኖሮ ሳላውቀው ውሸት ልጽፍ ነበር። አማካሪዬም ብዙ የቆየው እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው፣ ከኃይልና ከስትሬን (ከመለጠጡ መጠን) በቀጥታ፣ ለስፋት ሳታካፍዪ፣ ግትርነቱን ለብቻው አሳዪ አለኝ። እሱ ማስመሪያ አይፈልግምና።

አሁን ሽቦውን በኩቡ ሰያፍ አቅጣጫ ልሠራው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ቁመቱ 20 ናኖሜትር ይበቃል ወይስ ላርዝመው? ላፕቶፔ ብዙ አይችልም።

—

ከጦሳ ሥር፦

በቁመቱ የሚደጋገም ሳጥን ከሆነ ለሞዱለስ 20 ይበቃሻል። ወርዱን ነው መቀያየር ያለብሽ፣ 3፣ 4፣ 6፣ ከቻልሽ 8። ከ2 ናኖሜትር በታች ግን አትውረጂ፣ በጠርዙ አቅጣጫ የተሠራ የወርቅ ሽቦ እዚያ ሲደርስ የገጹ ውጥረት የክሪስታሉን ቅርጽ ራሱን ይቀይረዋል፣ በ2003 በሲሙሌሽን ታይቷል። ያን ጊዜ የምትለኪው ሌላ ወርቅ ነው። 8ቱን ማታ ማታ እኔ ኮምፒውተር ላይ ላሩጥልሽ፣ ፋይሉን ላኪው።